ሳቢያን ላይ የመጀመሪያ ቤት ልገዛ ነው፤ ቀያሽ ልያዝ ወይስ መሐንዲስ?

ጀማሪ_ገዢ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በ200 ካሬ ግቢ ላይ ያረፈ የብሎኬት ቤት ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ሳሎንና ሦስት መኝታ፣ ጓሮ ሰርቪስ አለው። ካርታ አለው። ሻጩ «ነገ ፎቅ ብትጨምርበት ይሸከማል» ይላል፤ ዋጋውንም ያስወደደው በዚያ ነው። ደላላው ደግሞ ሌላ ገዢ አለ እያለ ቶሎ ቀብድ ጣል ይለኛል። አንዱ ቀያሽ ያዝ፣ ሌላው መሐንዲስ ያዝ ይለኛል። የባንክ ብድር ስለምጠይቅ የባንኩ ኢንጂነር ያየው የለ ወይ የሚልም አለ። ማንን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል ልያዝ?

ሰነድ_አንባቢ
የባንኩ አይበቃም። የባንኩ ኢንጂነር ገማች ነው፤ የሚሠራውም ለባንኩ ነው። የሚመልሰውም ጥያቄ አንድ ነው፦ ብድሩ ባይከፈል ይህ ቤት ተሸጦ ስንት ያወጣል? መሠረቱ ቢሰጥም፣ አጥሩ ጎረቤት ውስጥ ቢገባ አንተን የማስጠንቀቅ ግዴታ የለበትም። ሪፖርቱንም ላያሳዩህ ይችላሉ።

ሥራዎቹ የተለያዩ ናቸው። ቀያሹ መሬቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይነግርሃል። የህንጻ መሐንዲሱ በላዩ ላይ ያለው ቤት ጤናማ መሆኑን ያያል። ገማቹ ዋጋ ይተምናል። ከሦስቱም በፊት ግን ወረቀቱ ነው፤ የሻጩ ያልሆነን መሬት በሚሊሜትር ማስለካት ትርፍ የለውም።

ስለ ቀብዱ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ያለውን አንብብ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ምርመራው ከቀብድ በፊት ይለቅ። የግድ ቀብድ መጣል ካለብህ ውሉ ላይ ይህን አስገባ፦ «የቦታው ልኬት ከካርታው ያነሰ እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ የተገኘ እንደሆነ፣ ወይም የመሐንዲስ ምርመራ የመዋቅር ጉዳት ያሳየ እንደሆነ ገዢ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ መልሶ ይረከባል።» ደላላው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ የሚያሳየው ፊት ራሱ ምርመራ ነው።

ችካል
ሰነድ_አንባቢ መንገዱን አሳይቶሃል፤ የወረቀቱን ዝርዝር እኔ ልጨምር፤ ቀያሽ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከሻጩ የምትቀበለው ኮፒ መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሻጩ ራሱ አብሮህ መሬት አስተዳደር ይሂድና ፋይሉ ይውጣ። ካርታው ላይ የምታያቸው፦ ባለይዞታው ማን ነው፣ የቦታው ስፋት፣ የብሎክና የፓርሴል ቁጥር፣ አገልግሎቱ (መኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ)፣ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (የመገኛ ቁጥር)። ሊዝ ከሆነ የመኖሪያው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ስንት ዓመት እንደቀረውና ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብ መኖሩን ጠይቅ፣ ያ ቀሪ ክፍያ ወደ አንተ ይዞራል። የካዳስተር (የቦታ ወሰንና ባለይዞታ) ምዝገባ በደረሰበት ቀጠና ከሆነ (በ2006 የወጣው አዋጅ 818 ያመጣው ማለቴ ነው) አሮጌው ካርታና አዲሱ ምዝገባ ስፋታቸው ይለያይ እንደሆነ አስተያይ። ከተለያየ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ።

ከዚያ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ። ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ገቢዎች። ይህ ማጣሪያ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ ንጹሕ የነበረ ፋይል በሚቀጥለው ሳምንት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ውል ልትዋዋል ስትል በድጋሚ አስወጣ።

የከዚራ_ጥላ
ሁለት ነገር ተረሳ።

አንደኛ የትዳር ጓደኛ። ድሬዳዋ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚሠራባት ከተማ ናት። በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ ቤት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ካርታው በባል ስም ብቻ ስለሆነ «የእኔ ነው» ማለት አይቻልም። ያላገባ ወይም የፈታ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾቹ ስም ሁሉ ይቆጠር።

ሁለተኛ የቤቱ ዘር፣ ማለትም የማን እንደነበረ። ይህ የሳቢያን ጠያቂያችንን ላይነካው ይችላል፤ እንደ ከዚራና መጋላ ባሉ የድሬ ሰፈሮች ለምትገዙ ግን ዋና ነገር ነው። በ1967 በወጣው አዋጅ 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። ከዚራ ውስጥ የምድር ባቡር የነበሩ፣ የመንግሥት ኪራይ የሆኑ፣ የቀበሌ የሆኑ ቤቶች ከግል ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። አንዳንዴ አንዱ ግቢ ውስጥ የፊቱ ክፍል የግል፣ የኋላው የቀበሌ ይሆናል። «ለብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ» ሰነድ አይደለም።

አሸዋ_ሜዳ
አቦ ለምን ታካብዱታላችሁ? ካርታው ላይ ኮኦርዲኔት ካለ ስልክህ ላይ ጂፒኤስ ክፈት፣ አራቱ ጥግ ላይ ቁም፣ አስተያይ። ለቀያሽ ፈረንካ ከመክፈል ይሻላል።

ችካል
አሸዋ_ሜዳ፣ ስልክ ግቢውን ለማግኘት ይረዳል፤ ወሰኑን ለማወቅ ግን አይረዳም። ክፍት ሜዳ ላይ እንኳ ስልክ በአምስት፣ በአሥር ሜትር ይስታል። ግቢው ወርዱ 10 ሜትር ከሆነ ስሕተቱ ጎረቤት ቤት ያስገባሃል። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስም ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ነው። ለወሰን የሚሠራው በሴንቲሜትር የሚለካ ዲፈረንሻል ጂፒኤስ ወይም ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። የቆየው የሀገራችን ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የልኬት መነሻ) ነው፤ ስልክህ ደግሞ የሚያነበው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው። ያንኑ አንድ ነጥብ በሁለቱ ብታነበው ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። የካርታውን ቁጥር ስልኩ ላይ አስገብቶ «ቦታው ሌላ ሰፈር ነው፣ አጭበርባሪ ነው!» ብሎ የሚጣላ ገዢ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለቀያሹ የመጀመሪያ ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ «ካርታው በየትኛው ዳተም ነው? አንተስ በየትኛው ልትለካ ነው?» ጥያቄው ካልገባው ሌላ ፈልግ።

ሁለተኛው ወጥመድ በተለይ እኛ አካባቢ አለ። ኮኦርዲኔቱ የሚጻፍበት ዞን (ዓለም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተከፈለችበት ቁጥር ያለው ቀጠና) በ42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይቀየራል። ድሬዳዋ 41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ስለሆነች ዞን 37 ጠርዝ ላይ ናት። ሐረር 42 ዲግሪን አልፋ ዞን 38 ውስጥ ገብታለች። ድሬዳዋ ላይ የምሥራቁ ቁጥር በ800 ሺህዎቹ ውስጥ፣ የሰሜኑ 1 ሚሊዮን 60 ሺህ አካባቢ መሆን አለበት። ሐረር በዞን 38 ከተጻፈ ምሥራቁ 180 ሺህ አካባቢ ይሆናል። ካርታህ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ ወይ ዞኑ ሌላ ነው፣ ወይ ሲተየብ አኃዝ ተገልብጧል፣ ወይ የመነሻ ነጥቡ የአካባቢ ነው። ሦስቱም ቢሮ ውስጥ የሚጣሩ ናቸው።

ጀማሪ_ገዢ
በጣም አመሰግናለሁ። በረጅም ሜትር አጥሩን በውስጥ በኩል ለካሁት፤ ፊቱ 10፣ ጎኑ 20፣ በአራቱም በኩል ልክ ነው። 200 ካሬው ሙሉ ነው ማለት ነው አይደል?

ችካል
ገና አልተረጋገጠም። አራት ጎን ብቻ ቅርጽ አይይዝም፤ ጥጉ ቀጥ ካላለ ግቢው ወደ ጎን ያዘነበለ ይሆናል፣ ጎኖቹ ግን ያው ናቸው። ከጥግ ወደ ጥግ ለካ። 10 በ20 የሆነ፣ ጥጉ ቀጥ ያለ ቦታ ከጥግ ወደ ጥግ 22 ሜትር ከ36 ሳንቲም ይመጣል፣ በሁለቱም አቅጣጫ። አንደኛው 20 ብቻ ቢሆን ግን ስፋቱ 193.6 ካሬ ነው፤ ከስድስት ካሬ በላይ ጠፍቷል፣ ጎኖቹ አሁንም 10 እና 20 ናቸው።

ግቢው ውስጥ ቤቱ ስለሚከለክልህ ከጥግ ወደ ጥግ መለካት ላይቻል ይችላል። ቶታል ስቴሽን የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ሌላው፣ በውስጥ በኩል ስለለካህ የአጥሩን ውፍረት አላገኘኸውም። አጥሩ በማን መሬት ላይ ቆሟል? ብሎኬቱ 20 ሳንቲም ከሆነ ግማሹ የአንተ፣ ግማሹ የጎረቤት ነው? ወይስ ሙሉው የአንተ? በ20 ሜትር ርዝመት ላይ አጥሩ 30 ሳንቲም ቢገፋ 6 ካሬ ነው። ጎረቤት ወደ አንተ ቢገፋ ታጣለህ፣ ሻጩ ወደ ጎረቤት ገፍቶ ከሆነ ደግሞ ክሱን ትወርሳለህ። የሰርቪሱ ቆርቆሮ ውሃ የት እንደሚወርድም እይ፤ ጎረቤት ግቢ ከሆነ ጠቡ አንድ ክረምት ነው የሚቀረው።

ከቀያሹ የምትረከበው ደግሞ በቃል «ልክ ነው» አይሁን። የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት ዝርዝር፣ የተነሣበት የመቆጣጠሪያ ነጥብ፣ ዳተምና ዞን፣ የተሰላው ስፋት፣ ካርታው ከሚለው ጋር በየጥጉ ያለው ልዩነት፣ አጥርና ቤት የተሳሉበት ንድፍ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥር። በየጥጉ መሬት ላይ ችካል ወይም ቀለም ያስቀምጥልህ። ጎረቤቶች ባሉበት ቢያደርገው ይመረጣል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ያኔ ይናገራል።

ሰነድ_አንባቢ
አንድ ነገር ላስተካክል። የግል ቀያሽ የሚሰጥህ ሪፖርት ካርታን አይቀይርም፣ ወሰንንም በሕግ አያጸናም። ልዩነት ከተገኘ ወሰኑን የሚያመለክተውና ካርታውን የሚያርመው የመሬት ቢሮው ነው። ስለዚህ የግሉ ልኬት ለአንተ ውሳኔና ለዋጋ ድርድር ነው። ልዩነት ካለ ሻጩ ራሱ አመልክቶ፣ አስተካክሎ፣ የታረመ ካርታ ይዞ ይምጣ። «አንተ ከገዛህ በኋላ ታስተካክላለህ» የሚለውን አትቀበል።

እናም በግል የምትይዘው ሰው ያንኑ ፋይል በቢሮ የሚይዝ ባለሙያ አይሁን። ደላላው «የኔ ሰው አለ» ካለህም ያው ነው። ክፍያው በሥራው ይሁን፣ በቤቱ ዋጋ መቶኛ አይሁን፤ ሽያጩ ሲሳካ የሚከፈለው ሰው ጉድለት ቢያይ አይናገርም።

የከዚራ_ጥላ
ማስተር ፕላኑንም ጠይቁ እንጂ! አጥሩ ልክ ሆኖ፣ ካርታው ንጹሕ ሆኖ፣ ግቢው ግማሹ የወደፊት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የከተማው ፕላን ክፍል ቦታው ላይ የተያዘ መንገድ፣ የወንዝ ዳር ክልል፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ያሳያል። ፎቅ ለመጨመር ያሰብክ እንደሆነ በዚያ ሰፈር ስንት ወለል እንደሚፈቀድም እዚያው ታውቃለህ። የፎቅ ዋጋ የምትከፍለው ከዚህ በኋላ ነው።

አሸዋ_ሜዳ
እሺ ቀያሹን ተቀበልኩ 😄 ግን ድሬ ላይ ስለ ጎርፍ ሳታወሩ ቤት ገዙ ማለት ነውር ነው።

የወንዛችን ባሕርይ እንዲህ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ ሰማይህ ላይ ሳይኖር ከደንገጎ ወገን ካለው ደጋ ተነሥቶ በድንገት ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንብ ስላለ ግን ከግንቡ ጀርባ ያለው ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ትልቁን ወንዝ ብቻ አትዩ። ስም የሌላቸው ትንንሽ ቦዮች አሉ፤ በበጋ መንገድ መስለው መኪና የሚሄድባቸው፣ በሚያዝያና በነሐሴ ወንዝ የሚሆኑ።

ቦታው ላይ ስትሄድ፦ የግቢው ወለል ከመንገዱ በታች ነው ወይስ በላይ? የአካባቢው አሮጌ ቤቶች በር ላይ ከፍ ያለ ደፍ ሠርተዋል? ግድግዳ ላይ አግድም የሆነ የውሃ ምልክት፣ ልስኑ እኩል ከፍታ ላይ የተላጠበት፣ አዲስ ቀለም እስከ ጉልበት ብቻ የተቀባበት አለ? የአጥሩ ሥር በአሸዋ ተሞልቷል? ማዶ ያለችውን ሻይ የምትሸጥ እናት ጠይቃት፣ ሻጩን አትጠይቅ። «እማማ፣ በ98ቱ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በላት፤ በእጇ ታሳይሃለች።

ቱንቢ
አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

መሐንዲስ ስትይዝ በቀን ብርሃን፣ የቤቱ ዕቃ ከግድግዳው ተጠግቶ ካልቆመ ጊዜ ይሁን። አዲስ የተቀባ ቤት ከሆነ ጥርጣሬህ ይጨምር። መሰላል፣ የውሃ ልክ ቱቦ፣ ቱንቢ፣ መዶሻ፣ ባትሪ፣ ጠመንጃ መፍቻ ካልያዘ ምርመራው የዐይን ብቻ ነው።

ስንጥቅ። ሁሉም ስንጥቅ አያስደነግጥ። እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ከ0.3 ሚሊሜትር በታች የሆነና እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። በኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እና በብሎኬት መካከል ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ደግሞ ሁለቱ ሲያያዙ መረብ ስላልገባበት ነው፤ ያስጠላል እንጂ አይጥልም። የሚያስፈራው ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርድ፣ አንዱ ጫፍ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ ነው። 5 ሚሊሜትር ካለፈና በውስጥም በውጭም በኩል ከታየ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ብለህ ጀምር። ያ መንቀሳቀስ ቆሟል ወይስ ቀጥሏል ለሚለው ስንጥቁ ላይ ትንሽ የጂፕሰም ምልክት ተለጥፎ ቀን ይጻፍበት፤ ከተሰነጠቀ አልቆመም። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ካልሰጠ በሮችንና መስኮቶችን ክፈትና ዝጋ። ሁሉም ከአንዱ ጥግ የሚጠብቁ ከሆነ መልሱ እዚያ አለ።

ድሬ ውስጥ መሠረት የሚሰጥምበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ሙሌት። ቦይ የነበረ ቦታ በቆሻሻና በልቅ አሸዋ ተሞልቶ ቤት ይሠራበታል። ሁለተኛው ውሃ። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ከተሰበረ ቧንቧ ወይም ከፎሳ (ከፍሳሽ ጉድጓድ) የሚፈስ ውሃ ደቃቁን እያጠበ ይወስድና መሠረቱ ሥር ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፎሳው ከቤቱ ጥግ ስንት ሜትር እንደሚርቅ እይ፤ ከግድግዳው ሥር የተጠጋ ፎሳ ካለና ስንጥቁም በዚያው በኩል ከሆነ ሁለቱን አገናኛቸው። ቧንቧውን ለመፈተሽ ሁሉንም ዝጋና ቆጣሪውን እይ። እየዞረ ከሆነ መሬት ውስጥ ይፈሳል።

ልስን። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ነጭ ጨው አውጥቶ የሚፈረፈር ከሆነ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው። ቀለም ይሸፍነዋል፣ አይፈውሰውም።

ጣሪያ። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ ይከፈትልህ፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ ከሆነ በአንድ በኩል ይሸረከት፣ በኋላ ይሰፋል። እንጨቱን በጠመንጃ መፍቻ ውጋው። ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ነው። ግድግዳ ላይ እንደ ጭቃ ቧንቧ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ካየህ ምስጥ ነው። ጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ብዙ ነው፤ መዶሻ ስታንኳኳ ድምፁ ይለያል፣ ማገሩን ምስጥ ጨርሶት ልስኑ ብቻውን ቆሞ ሊገኝ ይችላል።

መብራት። ለሶኬት 2.5፣ ለአምፖል 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው የተለመደው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ ከሶኬት ተቀጥሎ ከሆነ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ምድር የገባ ኧርዝ ዘንግ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ አሳየኝ በል። ኤሲ ልታስገባ ካሰብክ (ድሬ ነው፣ ታስባለህ) ቆጣሪው ይችላል ወይ የሚለውንም።

ጀማሪ_ገዢ
ወላሂ ይህን ሁሉ አንድም ሰው አልነገረኝም። ስለ ፎቁስ? ከጣሪያው ላይ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ወጥቶ ይታያል፤ ሻጩ ማስረጃው ያ ነው ይላል።

ቱንቢ
የወጣ ፌሮ የሚያሳየው የሠራው ሰው ፎቅ መመኘቱን ነው። መሸከም የሚወሰነው ከታች ነው።

የሚጠየቀው የግንባታ ፈቃድና የጸደቀው የመዋቅር ንድፍ ነው። ንድፉ ላይ የፉቲንጉ (ኮለኑ የሚያርፍበት የኮንክሪት መሠረት) ስፋትና ጥልቀት፣ የኮለኑ ልክ፣ የፌሮው ቁጥርና ውፍረት አለ። ንድፍ ከሌለ በአንድ ኮለን ጎን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ እስከ ፉቲንጉ ግርጌ ይታይ። እዚያ ሦስት ነገር ትመለከታለህ፦ ፉቲንግ በእርግጥ አለ ወይስ ኮለኑ በድንጋይ ግንብ ላይ ብቻ ነው የቆመው? ፉቲንጉ ያረፈው በተፈጥሮ አፈር ላይ ነው ወይስ በሙሌት? ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ፌስታል፣ አመድ፣ የጡብ ስባሪ ከታየ ሙሌት ነው። ከዚያ ኮለኑን። 20 በ20 ሳንቲም የሆነ ኮለን አራት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ይዞ ምድር ቤትን ያቆማል፤ ለፎቅ ግን መሐንዲስ አስልቶ ካልፈረመ በስተቀር አትቁጠረው። ስታፋዎቹ (ፌሮዎቹን ዙሪያ የሚያስሩት ቀለበቶች) በስንት ሳንቲም ርቀት እንደታሠሩ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፣ ልስን ሳይነሣ ፌሮ የሚያነብ። በተለይ ኮለንና ቢም (አግድሙ ተሸካሚ) በሚገናኙበት ጋ ስታፋው መጠጋጋት አለበት፤ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀመሪያ ሥራው እዚያ ጋ ነው።

ሽሚት ሀመር የሚባለውን የኮንክሪት ጥንካሬ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ልስኑን አንሥቶ ኮንክሪቱ ላይ ይምታ። ልስን ላይ መምታት ልስኑን መለካት ነው። ዕድሜ ያለው ኮንክሪት ገጽታው እየጠነከረ ስለሚሄድ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ሊያሳይም ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ኮለን ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል እንጂ ብቻውን «ፎቅ ይችላል» አያሰኝም። የወጣው ፌሮ ደግሞ ዝገቱ ከተላጠና ከሳ ተቆርጦ ነው የሚጣለው።

ጁገል_በር
ከሐረር ነኝ፤ እዚህ ላለው ገዢ ትንሽ ልጨምር። ከጁገል (በግንብ ከተከበበው አሮጌው ከተማ) ውጭ ከሆነ የተባለው ሁሉ ይሠራል። ጁገል ውስጥ ግን የድሬን ዝርዝር ይዛችሁ አትምጡ።

ጁገል ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ከካርታው ጋር የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ስለዚያ ቤት ያለውን ጠይቁ፤ ግድግዳ ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ በር ማስፋት በራስ ፈቃድ አይደረግም። ነባሩ ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው፣ በላዩ ኖራ። ይህ ግድግዳ ይተነፍሳል። የብሎኬት ቤት ብቻ የለመደ መሐንዲስ መጥቶ «በሲሚንቶ ይለሰን» ሲል አትስሙት፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋና ጭቃው ይላላል፣ ልስኑ ሆድ አውጥቶ በትልልቁ ይወድቃል። አንድ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ አዲስ መስሎ ከታየ፣ እኔ ብሆን ያልተነካውን እመርጣለሁ። ጣሪያ የተሸከመው እንጨት ግድግዳው ውስጥ የገባበትን ጫፍ ውጉ፤ መሐሉ ደህና ሆኖ የሚበሰብሰው ጫፉ ነው። ግድግዳው በሁለት ቤት መካከል የጋራ ነው፤ «ውፍረቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ የሚያልቅ ነው።

ለልኬት ደግሞ ጠባብ መተላለፊያና ረጅም ግንብ ሳተላይቱን ስለሚከልል ዲፈረንሻል ጂፒኤስ ይንገዳገዳል። ቶታል ስቴሽን ይዞ ከክፍት ቦታ እየተሻገረ የሚገባ ቀያሽ ያዙ።

ችካል
ጁገል_በር ልክ ነው። መጋላ ውስጥም የጋራ ግድግዳና ጠባብ መንገድ ላይ ያው ይሠራል።

ጀማሪ_ገዢ
የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሻጩ ጉድጓድ አላስቆፍርም፣ ኮርኒስም አላስነካም ቢልስ?

ቱንቢ
ኮርኒሱን እምቢ ካለ ቢያንስ ከውጭ በኩል አንድ ቆርቆሮ ተነቅሎ ይታይ፤ ሚስማሩ በቦታው ይመለሳል። ጉድጓዱን እምቢ ካለ ጥልቀት የሌለው ሌላ መንገድ አለ፦ ብዙ ቤት ላይ ከሰርቪሱ ጀርባ ወይም ከፖዜቶው (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓድ) ጋ የመሠረቱ ድንጋይ ይታያል፣ ቢያንስ ግንቡ የቆመበትን ታያለህ። ፉቲንጉን ግን አታይም። ስለዚህ የፎቁን ተስፋ ከዋጋው አውጣና የምድር ቤት ዋጋ ስጥ። «ይሸከማል» ያለው ሰው እንዲጽፍልህ ጠይቀው፤ ውሉ ላይ «ቤቱ አንድ ተጨማሪ ወለል እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን ሻጭ ያረጋግጣል» የሚል ይግባ።

ሰነድ_አንባቢ
ያ መስመር ሲገባ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት፤ ደላላው ቤት የተፈረመች ወረቀት ላይ ምስክር ቢደረደርም አትቆምም። የቀያሹን ንድፍና የመሐንዲሱን ሪፖርት የውሉ አባሪ አድርግና ሻጩ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርም። የውሃና የመብራት ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነም በዚያው ቀን ይጻፍ፣ የቆጣሪው ንባብ ጭምር።